ከቀፊራ የተገዛ ዘር፦ የድንች ጥቁር ነቁጥና የግንድ ቁስል በሽታ አለያየትና አያያዝ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በድሬዳዋ ከተማ ቀፊራ ገበያ በማለዳ የተገኘ ሰው ከሐረርጌ ደጋ የወረደውን ድንች በጆንያ ተደርድሮ ያያል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ በመሆኗ ድንች በዙሪያዋ እንደልብ አይመረትም። ሌሊቱ ሲሞቅ ድንች ቅጠሉን ያበዛል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም። ስለዚህ የቀፊራ ድንች በአብዛኛው 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ካላቸው ከሐረማያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከቀርሳና ከሜታ አካባቢዎች በደንገጎ ቁልቁለት በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ከፊሉ በከተማው ይበላል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ አገር ይሻገራል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጆንያው መንገዱን ያዞረ እንደሆነ ነው። ያስቀመጠው ዘር የበሰበሰበት ወይም በችግር ምክንያት የበላበት ገበሬ፣ እንዲሁም የመትከያው ጊዜ ደርሶበት ለአባላቱ ዘር ማዳረስ የቸገረው ማኅበር ከገበያ የምግብ ድንች ገዝቶ ወደ ማሳ ይመልሳል። ዋጋው ከተመረጠ ዘር ያነሰ ስለሆነ ለጊዜው የተጠቀመ ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ከ18 እስከ 20 ኩንታል ዘር ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ዘር ልጣጭ ላይ ተጣብቆ የሚሄደው በሽታ አንድ ጊዜ አፈር ከያዘ በኋላ በዚያው ወቅት የሚለቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ በሽታዎች አንዱን፣ ብዙ ጊዜ አፈር ነው ተብሎ የሚታለፈውን ጥቁር ነቁጥ ነው።

የበሽታው መነሻ

ጥቁር ነቁጥንና የግንድ ቁስልን የሚያመጣው አንድ ሻጋታ (ፈንገስ) ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ራይዞክቶኒያ ሶላኒ ይባላል። ይህን ሻጋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታመመ ድንች ላይ ገልጾ የጻፈው ጁልየስ ኩን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነበር። የሚገርመው፣ ሺምፐር የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለውም በዚያው ዓመት አካባቢ ነው። ከድንቹ ጋር በሽታው አብሮ ገብቶ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ሆኖም ድንች ባለበት አገር ሁሉ ይህ ሻጋታ የሚገኝ በመሆኑ እኛ ዘንድ መኖሩ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሻጋታው ኑሮውን የሚያሳልፈው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በአፈር ውስጥ፣ ባልበሰበሰ የድንች ግንድና ሥር ላይ ነው። ሁለተኛው በድንቹ ፍሬ ልጣጭ ላይ ነው። በልጣጩ ላይ የምናያቸው ጥቋቁር ነገሮች የሻጋታው ክሮች ተጠቅልለውና ደርቀው የሚሠሩት ጠጣር አካል ሲሆኑ ስክለሮሺያ ይባላሉ። ይህ አካል ድርቅን፣ ቅዝቃዜንና የምግብ ማጣትን ችሎ ይቆያል። ዘሩ ተተክሎ አፈሩ ሲረጥብ ጥቁሩ ነገር ክር ያበቅልና አጠገቡ ያለውን ለጋ ቡቃያ ይይዛል። ገበሬው በገዛ እጁ ዘሩንና የዘሩን ጠላት በአንድ ጉድጓድ ቀበረ ማለት ነው።

በሽታው የሚበረታው አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን ነው። ሙቀት ሲጨምር ቡቃያው ቶሎ ስለሚወጣ ያመልጣል፤ በቅዝቃዜ ግን ቡቃያው ከመሬት በታች ይዘገያል፣ ሻጋታው ግን ሥራውን አያቋርጥም። ስለዚህ በደጋው ከፍተኛ ቦታዎች፣ በተለይም ውኃ በሚቋጥር ማሳ ላይ፣ ጉዳቱ ከወይና ደጋው ይብሳል።

በማሳ ላይ የሚታየው ምልክት

በመጀመሪያ የሚታየው የበቀለው ሳይሆን ያልበቀለው ነው። ድንች ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ማሳው እኩል መውጣት ሲገባው እዚህም እዚያም ክፍተት ይታያል፤ አንዱ ተክል ስንዝር ሲያህል ሌላው ገና አፈር ይገፋል። ገበሬው ብዙውን ጊዜ «ዘሩ ደካማ ነው» ወይም «ዝናቡ ዘገየ» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የልማት ሠራተኛው ግን ሳይቆፍር መልስ መስጠት የለበትም።

ክፍተት ካለባቸው ጉድጓዶች አምስት ወይም ስድስቱን በእጅ ቀስ ብሎ መክፈት ያስፈልጋል። ዶማ ቡቃያውን ስለሚሰብር ለዚህ ሥራ አይመችም። ዘሩ በስብሶ ከተገኘ ምክንያቱ ሌላ ነው። ዘሩ ጠንካራ ሆኖ ቡቃያው ጫፉ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ የሞተ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ቀጭን ቡቃያ ያወጣ ከሆነ፣ ያም ሁለተኛው ጫፉ የተቃጠለ ከመሰለ ራይዞክቶኒያን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ድንች ኃይሉን በመተካት ይጨርሳል። ውሎ አድሮ ቢወጣም ግንዱ ቀጭን፣ ፍሬውም ጥቂት ይሆናል። ቆራጭ ትል የበላው ቡቃያ ግን ሌላ መልክ አለው፦ ቁርጡ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው አልጠቆረም፣ አፈሩም ሲገላበጥ ብዙ ጊዜ ትሉ ተጠቅልሎ ይገኛል።

የጉዳቱን ልክ ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ሲተከል በአንድ ሄክታር 44,444 ተክል ይኖራል። በሩብ ሄክታር 11,111 ይሆናል። ከአሥር ጉድጓድ አንዱ ባዶ ቢቀር ባለሩብ ሄክታሩ ገበሬ 1,100 ያህል ተክል አጣ ማለት ነው። ለእነዚያ ጉድጓዶች ዘር ተገዝቶላቸዋል፣ ማዳበሪያ ተጨምሮላቸዋል፣ ጉልበት ወጥቶባቸዋል።

ከመሬት የወጣውም ተክል ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። አፈሩን ከግንዱ ሥር ገለጥ ሲያደርጉ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ቁስል ይታያል። ቁስሉ ግንዱን ዞሮ ከከበበው በቅጠል የተሠራው ምግብ ወደ ታች መውረድ ይሳነዋል። ያን ጊዜ የላይኞቹ ቅጠሎች ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛሉ። መውረጃ ያጣው ምግብ ከመሬት በላይ በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ድንቾች እንዲቋጠሩ ያደርጋል። በግንዱ ላይ ድንች ያፈራ ተክል ሲገኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ ሥሩን ያየ ግን አይስቅም። ሻጋታው ፍሬ የሚንጠለጠልባቸውን የመሬት ውስጥ ሐረጎችም ይቆርጣል። ስለዚህ ከሥር የሚገኘው ፍሬ አነስተኛ፣ በግንዱ ዙሪያ የታጨቀ፣ ቅርጹ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ይሆናል።

አንድ ሌላ ምልክት እንጨምር። እርጥበት በበዛበት ወቅት ጠዋት ላይ የግንዱን ሥር የተመለከተ ከአፈሩ ከፍ ብሎ ግንዱን የከበበ ነጭ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ስስ ነገር ሊያይ ይችላል። በጣት ሲታሽ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው የግንድ ቆዳ ደህና ነው። ይህ ነጭ ነገር ራሱ ጉዳት የለውም፤ ሻጋታው በአጠገቡ መኖሩን ግን ይናገራል።

በጆንያ ውስጥ የሚታየው ምልክት

አሁን ወደ ቀፊራ እንመለስ። በድንቹ ልጣጭ ላይ የሚታየው ነገር ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው። ከመርፌ ጫፍ አንሥቶ እስከ ጥፍር ስፋት ይደርሳል፤ ቅርጹ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዱ ከልጣጩ ከፍ ያለ ነው። ሻጩ «አፈር ነው፣ ቢታጠብ ይለቃል» ይላል፤ ይህንንም የሚለው ሊያታልል ፈልጎ ሳይሆን በእርግጥ አፈር ስለሚመስለው ነው። ክርክሩን አንድ ባልዲ ውኃ ይፈታዋል። አፈር ሲታጠብ ይለቃል፤ ነቁጡ ግን አይለቅም፣ እንዲያውም ሲረጥብ ይበልጥ ጠቁሮ ይታያል። በጥፍር ሲፋቅ ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ልጣጭ ግን አልቆሰለም፣ ሥጋውም ነጭ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ለሸማቹ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ይህ ድንች ለምግብ ጉዳት የለውም። ተልጦ ወይም ተፍቆ ይበላል። ስለ በሽታ ሲነገር ገበያተኛው ደንግጦ ደህናውን ምግብ እንዳይጥል፣ ቸርቻሪዋም ያላግባብ እንዳትጎዳ የልማት ሠራተኛው አነጋገሩን መጠንቀቅ አለበት። በቀፊራ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ፀሐይ ላይ ውሎ አረንጓዴ ከሆነው ድንች ነው። አረንጓዴው ድንች መራራና መርዛም ስለሚሆን አይበላም፤ ለዘር ግን ችግር የለውም። ነቁጥ ያለበት ድንች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ለድስት ይሆናል፣ ለማሳ አይሆንም።

ጥቁር ነቁጥን ከሌሎች ጋር ማምታታት ቀላል ስለሆነ ሦስቱን እንለይ።

የድንች እከክ ሻካራ፣ እንደ ቡሽ የተሰነጣጠቀ ቁስል ነው። ልጣጩን ራሱን ስለሚያበላሽ በጥፍር ተፍቆ አይነሣም። የሚያመጣውም ሻጋታ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ የሚበዛውም ፍሬው በሚቋጠርበት ጊዜ አፈሩ ሲደርቅ ነው።

ደረቅ መበስበስ የፉሳሪየም ሻጋታዎች ሥራ ነው። ድንቹ በአንድ በኩል ሰርጎድ ይላል፤ ልጣጩ በክብ በክብ ይሸበሸባል፤ ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማና ደረቅ፣ አንዳንዴም ነጭ ወይም ሮዝ ሻጋታ የያዘ ክፍት ቦታ ያለው ነው። በዶማ በቆሰለና በጭነት በተመታ ድንች ላይ ይበዛል። በዳገትና ቁልቁለት ተጭኖ የመጣ ድንች ይህ ቢያገኘው አያስገርምም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ከተያዘ ድንች ዐይኖች ላይ የሚያዥ ፈሳሽ ይወጣና አፈር በዐይኖቹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ባልዲው ውስጥ አፈር ያልለቀቀ ድንች ሲገኝ አፈሩ የተጣበቀው በዐይኖቹ ላይ ብቻ መሆኑን መመልከት፣ ከዚያም ድንቹን ለሁለት መቁረጥ ይገባል። በልጣጩ ውስጥ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ካለና ሲጫኑት ነጣ ያለ ፈሳሽ ከወጣ ያ ዘር ምንም ቢረክስ ወደ ማሳ መግባት የለበትም። በማሳ ላይ የጠወለገ ተክል ሲገኝም ግንዱን ቆርጦ በንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ከቁርጡ እንደ ወተት ያለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው ባክቴሪያ ነው። ራይዞክቶኒያ እንዲህ ያለ ክር አያወጣም።

የባልዲ ምርመራ

ማኅበራት ዘር ከመግዛታቸው በፊት ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ አጥብቀን እንመክራለን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚፈልገውም ባልዲ፣ ውኃ፣ ጨርቅና ቢላዋ ብቻ ነው።

ከቀረበው ጭነት አሥር ጆንያ እንደዕድል ይመረጣል። ሻጩ ያቀረበውን ብቻ መውሰድ አይገባም፤ ከኋላና ከሥር ያሉትም ይግቡ። ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በድምሩ አሥር ፍሬ ይወጣል፤ መቶ ፍሬ ይሆናል። መቶው ታጥቦና በጨርቅ ተጠርጎ በሦስት ክምር ይለያል። በመጀመሪያው ክምር ምንም ነቁጥ የሌለበት ይቀመጣል። በሁለተኛው ነቁጡ ሁሉ ቢሰበሰብ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ በሦስተኛው ከዚያ የበዛ ይሆናል። ከዚያም ቅርጻቸው የተጣመሙትን፣ ሰርጎድ ያሉትንና ዐይናቸው ላይ አፈር የያዙትን ቆርጦ ውስጣቸውን ማየት ነው።

ውሳኔውን በተመለከተ እኛ በሥራችን የምንከተለው ልክ የሚከተለው ነው፤ የመንግሥት ደንብ አይደለም። በሦስተኛው ክምር ከመቶ አምስትና ከዚያ በላይ ከተገኘ ጭነቱ ለዘር አይገዛም። ሦስተኛው ክምር ባዶ ሆኖ በሁለተኛው እስከ ሃያ ከተገኘ፣ ሌላ ዘርም ከሌለ፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ ቀድሞም ድንች በነበረበት ማሳ ሊተከል ይችላል። ድንች ተተክሎበት የማያውቅ ማሳ ላይ ግን የመጀመሪያው ክምር ዓይነት ብቻ ይግባ። ንጹሕ አፈር ያለው ገበሬ ትልቅ ሀብት እንዳለው ቢያውቅ ለአንድ ወቅት ዘር ብሎ አይሸጠውም ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ለምርመራ የታጠበው ድንች ለምግብ ይዋል እንጂ ወደ ዘሩ አይመለስ። የዘር ድንችን በሙሉ አጥቦ ማከማቸትም አይገባም፤ እርጥበቱ ሌላ መበስበስ ይጋብዛል። ሁለተኛም፣ ነቁጥ የሌለበት ድንች ፈጽሞ ከሻጋታው ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ በዐይን የማይታይ ክር በልጣጩ ላይ ሊኖር ይችላል። ምርመራው መጥፎውን ለመጣል ይረዳል፤ ደህናውን ግን በእርግጠኝነት አይመሰክርም። ስለዚህ ከገበያ ይልቅ ማሳው በተቆጣጠሩት ዘር አምራች ማኅበር ዘንድ ያለውን ዘር ማስቀደም ይሻላል።

በእርሻ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

አተካከል። ብዙ ገበሬ ድንችን ጠለቅ አድርጎ መትከል ይወዳል፤ ድርቅን ይቋቋማል ብሎ ነው። ነገር ግን ቡቃያው በጥልቀቱ መጠን በአፈር ውስጥ ይቆያል፣ በዚያው መጠን ለሻጋታው ይጋለጣል። በዘሩ ላይ ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር አፈር ማልበስ ይበቃል። ተክሉ ከወጣና ከጠነከረ በኋላ በኩትኳቶ ጊዜ አፈር በማስታቀፍ ጥልቀቱን መጨመር ይቻላል። በመስኖ የሚያመርቱ ደግሞ አስቀድመው አጠጥተው አፈሩ ጠፍ ሲል ይትከሉ እንጂ ተክለው ወዲያው መደቡን አያጥለቅልቁት።

ዘሩ ሳያቆጠቁጥ መትከልም ጉዳት አለው። ያላቆጠቆጠ ዘር በአፈር ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። በሆለታ ምርምር ማዕከልና በሌሎችም ለረጅም ጊዜ ሲመከር የቆየው በተበታተነ ብርሃን የሚሠራ የዘር ማከማቻ ለዚህ ይጠቅማል። ማከማቻው ከአካባቢ እንጨት የተሠራ፣ ጣሪያው በሣር የተከደነ፣ ጎኑ ነፋስና ብርሃን የሚያስገባ፣ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ነው። በጨለማ ቤት የተከመረ ድንች ረጅም፣ ነጭና ተሰባሪ ቡቃያ ያወጣል፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ቡቃያ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው ቡቃያ ሲተከል ቶሎ ይወጣል፣ የቆዳውም ጥንካሬ ይረዳዋል። ማከማቻው በደጋው ይሠራ። በድሬዳዋ ሙቀት ዘር ማቆየት ዘሩን ያጠወልገዋል፤ ቀፊራ ላይ ሁለት ሳምንት የሰነበተ ጆንያ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ዘር አይሆንም።

ሰብል ማፈራረቅ። በመጽሐፍ የሚነገረው ድንች በአንድ ማሳ ላይ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይምጣ የሚል ነው። ይህን ሩብ ሄክታር ያለውና ግማሹን ጫት የያዘበት የሐረማያ ገበሬ ሲሰማ ዝም ይላል፤ ዝምታው ትክክል ነው። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ድንች ደግሞ በበልግ፣ በመኸርና በመስኖ ገንዘብ ያመጣለታል። ስለዚህ ምክራችን መሬቱን የሚመጥን መሆን አለበት። ቢያንስ ድንችን በድንች ላይ በተከታታይ ሁለት ወቅት አለመትከል፣ በመካከሉ በቆሎ ወይም ማሽላ ማስገባት፣ መሬቱን በመደብ ከፍሎ ድንቹን ከመደብ ወደ መደብ ማዛወር ይቻላል። ድንችን አብዝቶ የሚያጠቃው የሻጋታው ወገን ከድንች ጋር የተላመደ ስለሆነ የብርዕና የአገዳ ሰብሎች መካከል መግባታቸው ይቀንሰዋል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ለድንች መተኪያ አይሆኑም፤ የድንች ዘመዶች በመሆናቸው አጠውልጉን ጭምር ያቆዩለታል። በየማሳው ሳይዘራ የሚበቅለውን ቀሪ ድንች ነቅሎ ማውጣትም አይዘንጋ፤ ይህ ካልሆነ ማፈራረቁ በወረቀት ብቻ ይቀራል።

ያልበሰለ ፍግና ያልበሰበሰ ቃርሚያ በመትከያ ሰሞን መጨመር ለሻጋታው ስንቅ ማቀበል ነው። ፍጉ በደንብ ይብሰል፤ ቃርሚያውም አስቀድሞ ይገልበጥ።

ዝርያ። ይህን በሽታ ፈጽሞ የሚቋቋም ዝርያ የለም። በቀድሞው አለማያ፣ በአሁኑ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 የተለቀቀው አለማያ 624፣ በ2011 የተለቀቀው ቡቡ፣ እንዲሁም ከሆለታ የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ በምርታቸውና ሌት ብላይት የተባለውን የቅጠል በሽታ በመቋቋማቸው ተፈላጊ ሆነዋል። ገበሬው «የተሻሻለ ዘር ነው፣ በሽታ አይነካውም» ብሎ ሲያምን ማረም ያስፈልጋል። የተሻሻለው ዝርያ ነቁጥ ባለበት ዘር ከተተከለ እንደማንኛውም ድንች ይታመማል።

አሰባሰብ፦ ብዙው የሚበላሽበት ጊዜ

ከሁሉ ይልቅ ልናሰምርበት የምንፈልገው ይህን ነው። ነቁጡ በድንቹ ላይ የሚበዛው ተክሉ ሲያድግ ሳይሆን ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ፍሬው በመሬት ውስጥ ሲቆይ ነው። የአገራችን ገበሬ ደግሞ መሬትን እንደ ጎተራ ይጠቀምበታል፤ ዋጋ እስኪጨምር ድንቹን ሳይቆፍር ይተወዋል። ይህ ከገበያ አንጻር ብልኅነት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ከዘር አንጻር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ነቁጥ ያበዛል።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ገበሬው ለዘር የሚያስበውን ቦታ ከመጀመሪያው ለይቶ ይከልል። ተክሉ አረንጓዴ ሳለ ጤነኛና ብርቱ የሆኑትን ተክሎች በእንጨት ምልክት ያድርግባቸው፤ የጠወለጉትንና ቅጠላቸው የተጠቀለለውን ይንቀል። የዘሩ መደብ ሲደርስ ቅጠሉ ይታጨዳል። ልጣጩ እንዲጠና ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይጠበቃል፤ በአውራ ጣት ሲታሽ ልጣጩ ካልተገፈፈ ጠንቷል ማለት ነውና ሳይዘገይ ይቆፈር። ለምግብ የታሰበው ቀሪ መደብ ዋጋ እስኪያገኝ ቢቆይ ነቁጡ ለበላተኛው ስለማይጎዳ በዚህ በሽታ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም። ሌሎች ተባዮች መኖራቸውን ግን መዘንጋት አይገባም።

ከምርቱ ትልልቁን ሸጦ የተረፈውን ትንንሽ ለዘር ማስቀረት የቆየ ልማድ ነው። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ዘር በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የታመመ ተክል የሚሰጠው ፍሬ ትንሽ ስለሆነ ከክምር ትንንሹን የለቀመ ገበሬ ሳያውቅ የታመሙትን ተክሎች ልጆች እየመረጠ ነው። ምልክት ከተደረገባቸው ጤነኛ ተክሎች ሥር የተገኘው ትንሽ ድንች ግን ጥሩ ዘር ነው።

ስለ መድኃኒት

«ምን እንርጭ?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ለሌት ብላይት በቅጠል ላይ የሚረጨው ማንኮዜብም ሆነ ሪዶሚል ከአፈር በታች ያለውን ይህን ቁስል አያድንም፤ በዚህ ምክንያት የሚባክነው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በዘሩ ላይ የሚቀቡ ፍሉዲኦክሶኒልና ፔንሲኩሮንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በልዩ ልዩ አገሮች ይሠራባቸዋል፤ በልጣጩ ላይ ላለው ነቁጥም ይጠቅማሉ። ማኅበሩ አንዱን ከመግዛቱ በፊት በአገራችን ለድንች ዘር የተመዘገበ መሆኑን ከግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ስሙ በማይነበብ ጠርሙስ ተከፋፍሎ የሚሸጠውን ፈጽሞ አይግዛ። መድኃኒት የነካው ዘር ቢተርፍ አይበላም፣ ለከብትም አይሰጥም፣ ወደ ገበያም አይወርድም። አፈሩ በሽታው በበረታበት ማሳ ዘር መቀባት ብቻውን አይበቃም።

በጥንት መጻሕፍት ዘርን በሜርኩሪ ውሑድ መንከር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሰውንም አፈርንም የሚመርዝ በመሆኑ የተተወ ነውና ማንም እንዳይሞክረው።

ጆንያና ውዳቂ

ከቀፊራ የሚመለስ ባዶ ጆንያ አፈር ይዞ ይመለሳል፤ በአፈሩ ውስጥም ነቁጥ አለ። ዘር ለመያዝ አዲስ ወይም ታጥቦ በፀሐይ በሚገባ የደረቀ ጆንያ መጠቀም ይገባል። ማኅበሩ የዘሩንና የምግቡን ጆንያ በቀለም ምልክት ቢለይ ወጪው ጥቂት ነው። በለቀማ ጊዜ የተጣለው ድንች በማሳ ጠርዝ ወይም በመስኖ ቦይ አጠገብ አይከመር፤ ለምግብ የሚሆነው ይበላ፣ የበሰበሰው ከእርሻ ርቆ በጥልቅ ይቀበር።

ጥርጣሬ ሲኖር ናሙና ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ የምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል። አምስት ያህል ተክል ከነሥሩና ከነአፈሩ ተነቅሎ፣ ፍሬም ካለው አብሮ፣ በጋዜጣ ይጠቀለል፤ በፕላስቲክ የታሰረ ናሙና በደንገጎ መንገድ ሙቀት ስለሚበሰብስ ለምርመራ አይሆንም። በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አብሮ ይግባ፤ የቀበሌው ስም፣ ድንቹ የተተከለበት ቀን፣ ዝርያው፣ በማሳው ላይ ቀድሞ የነበረው ሰብልና ዘሩ የተገዛበት ቦታ ይጻፍበት። ዘሩ ከቀፊራ የተገዛ ከሆነም ይኸው ሳይደበቅ ይጻፍ።